የቀረችው ሽመላ

ሽመላዋን ያገኘኋት እኔ ነኝ። ጎረቤታችን ጋሽ ዤቾ እስኪሞት ድረስ «እኔና ፈረሴ ነን ያገኘናት» እያለ ያወራ ነበር፤ ግን በዚያ ቀን እሱም ፈረሱም ከደጅ ብቅ አላሉም። ከሰሜን ምሥራቅ የተነሣው ነፋስ ሰንብቶ በረዶውን እያፈሰ አጥራችንን ውጦት ነበር። ከቤት ወደ ጎተራ የምንሄደው አባባ ዶብሪ፣ አያቴ፣ በአካፋ በከፈቱት ቦይ ውስጥ ነው። ቦዩ ከቁመቴ ስለሚበልጥ ከሰማይ በቀር የሚታየኝ ነገር አልነበረም።

ስድስት ዓመቴ ነበር። ለምድጃው የሱፍ አበባ አገዳ አምጪ ተብዬ በበረዶ ላይ የሚንሸራተተውን ሣጥኔን እየጎተትኩ ወጣሁ። ከጎተራው ጀርባ፣ ነፋሱ በማይደርስበት በኩል፣ አንድ ቀጭን ሰው ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የቆመ መሰለኝ። ጠጋ ስል ሽመላ ናት። በአንድ እግሯ ቆማ፣ ረጅሙን አፏን ደረቷ ላባ ውስጥ ቀብራዋለች። አንዱ ክንፏ እንደተሰበረ ጃንጥላ ተንጠልጥሎ ጫፉ ከበረዶው ጋር ተጣብቋል። ዓይኗን ብቻ ወደ እኔ አዞረች።

የጮኽኩት በደስታ ነበር። እናቴ ከወላጆቿ ዘንድ ትታኝ ለሥራ ግሪክ አገር የሄደችው ገና መራመድ ስጀምር ነው። ጉንጯ የሞላ፣ ፀጉሯን በወፍራሙ የተጎነጎነች ልጃገረድ ከምትስቅበት አንድ ፎቶ በቀር መልኳን አላውቀውም። በዚያ መጸው ግን እማማ ስታና፣ ሴት አያቴ፣ ፀጉሬን እያበጠሩ «እናትሽ ሽመላ ሲመጣ ትመጣለች» አሉኝ። ሽመላ በእኛ አገር የሚመጣው በመጋቢት ነው። ጊዜው ገና ጥር ነበር፤ ሽመላዋ ግን ይቻት፣ መጥታለች።

ኮቴን አውልቄ ጠቀለልኳት። ያን የሚያህል ነገር እንዲያ ይቀላል ብዬ አላሰብኩም፤ ባዶ ቅርጫት የማነሣ ያህል ነበር። አገዳውን እዚያው ትቼ፣ እሷን ሣጥኑ ላይ አስተኝቼ ወደ ቤት ጎተትኩ።

በሩን የከፈቱት እማማ ስታና ናቸው።

«ኮትሽስ? አንቺ ልጅ፣ በዚህ ብርድ ኮትሽን የት ጣልሽው?» ካሉ በኋላ ሣጥኑን አዩ። አማተቡ።

«ሽመላ መጣች!» አልኳቸው። «እንግዲህ እናቴ መምጣት አለባት!»

ዘወር ብለው ወደ እንግዳዋ ክፍል ተመለከቱ።

እንግዳዋ የገና በዓል ከመድረሱ በፊት የመጣች ሴት ነበረች። ጋሽ ዤቾ ከአውቶቡስ መቆሚያው በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በጋሪው አመጣት፤ አያቶቼ ደግፈው አስገቧት። «የሩቅ ዘመድ ናት፣ ታማለች፤ አክስቴ በያት» ተባልኩ። ፊቷ አጥንት ብቻ ነበር። ራሷን ዘወትር በሻሽ ታስራለች፤ ከሻሹ ሥር ፀጉር አይታይም። ያልወደድኳት ግን በመልኳ አይደለም። ጥሩ ምድጃ ያለበት ክፍል የእናቴ ነው ሲባል ነበር ያደግኩት፤ እኔ እንኳ እዚያ እንድጫወት አይፈቀድልኝም። እሷን ያስተኟት እዚያ ነው።

የክፍሉ በር ተከፈተ። እንግዳዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ሽመላዋ መጣች እኮ» አሉ እማማ ስታና። ድምፃቸው እኔን ሲቆጡኝ እንደሚሆነው ነበር፤ የሚያዩት ግን እሷን ነው። «እንግዲህ ምን ትያለሽ?»

እንግዳዋ መጀመሪያ ወፏን፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ።

«ይቺ የመጣች አይደለችም» አለች በቀስታ። «የቀረች ናት።»

«ሽመላ ሽመላ ነው!» አልኩ።

«ክንፏን እዪው። ጓደኞቿ በነሐሴ ሲሄዱ እሷ መብረር አቅቷት እዚሁ ቀረች። ያልሄደ መጣ አይባልም።»

«አንቺም እንደሆነ…» ብለው እማማ ስታና ጀመሩና የሽርጣቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። አንዲት የማላውቃት ሴት፣ በእናቴ ክፍል በር ላይ ቆማ፣ ሽመላዬ ሽመላ አይደለችም እያለችኝ ነው ብዬ ነበር።

አባባ ዶብሪ በረዶውን ከጫማቸው እያራገፉ ገቡ። «ይሄ ሁሉ ጉባኤ ምንድን ነው? የመጣችም ትሁን የቀረች እግሯ ሊደርቅ ነው። ለብ ያለ ውኃ አምጡ። ለብ ያለ ነው ያልኩት፣ ልንቀቅላት አይደለም!» ከዚያ ጎንበስ ብለው ወፏን አዩዋት። በእኛ አገር ሽመላ በየዓመቱ ኢየሩሳሌም ደርሳ ትመለሳለች ይባላል። «አይ ተሳላሚዋ» አሏት፤ «መንገዱ ሁሉ እንዲህ ጠፋብሽ?» ከዚያ በኋላ ስሟ ተሳላሚ ሆኖ ቀረ።

የት ትደር? ማድ ቤቱ እሳቱ ሲጠፋ በረዶ ነው። ሌት ተቀን ምድጃ የሚነድበት ክፍል አንድ ብቻ ነበር።

«ወደ እኔ አስገቧት» አለች እንግዳዋ።

እንዲህ ሆኖ ሽመላዬን ቀማችኝ። እኔ ያሰብኩት እንዲያ ነበር።

ሽመላ ዳቦ አይበላም። አባባ ዶብሪ ኩሬው ላይ በረዶውን በመጥረቢያ እየሰበሩ ትንንሽ ዓሣ ይፈልጋሉ። ባላገኙ ቀን ለአይጥ ወጥመድ ያጠምዳሉ። ወሬው መንደሩን አዳረሰ፤ ልጆች በቆርቆሮ ጣሳ አይጥ ይዘው በራችንን ማንኳኳት ጀመሩ። አንድ ቀን ጋሽ ዤቾም መጣ፣ የአይጥ ጭራ በሁለት ጣቱ ይዞ።

«አንተ ዶብሪ፣ ሰው ለዳቦ ተሰልፎ በብርድ ይደርቃል፣ አንተ ለወፍ ሥጋ ታቀርባለህ አሉ!»

«የአንተን ድርሻ አልነካሁም። ይልቅ ድመትህን ምከራት፤ ትናንት አንተ ጎተራ ውስጥ እኔ አይጥ ያዝኩላት።»

«ድመቴን ተዋት! እሷ አርጅታ ነው። አንተም አርጅተሃል፣ ማን ምን አለህ?»

ተሳሳቁ። ከዚያ ጋሽ ዤቾ ወደ ተዘጋው በር አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅቷ አሁንም አታውቅም?»

«አታውቅም።»

«በአንድ ጣሪያ ሥር! ኧረ የእግዜር ያለህ!»

«ዤቾ፣ አይጥህን አስቀምጥና ሂድ።»

ስለ ሽመላዋ የሚያወሩ መሰለኝ። ሰውና ሽመላ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድሩ ያየ ሰው ይገረም እንጂ ምን ያደርጋል?

ተሳላሚ ድምፅ የላትም። ሲመቻት አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ አፏን ታንቀጫቅጫለች። ቀጭ ቀጭ ቀጭ፤ ጎማ ላይ በትር እንደሚመታ ሳይሆን፣ ደረቅ ጣውላ በጣውላ እንደሚመታ። እንግዳዋ አልጋዋ ላይ ሆና በሁለት የእንጨት ማንኪያ ትመልስላታለች። እኔ ስሞክር ግን ሽመላዋ ዝም ትላለች። ይህ በጣም ያናድደኝ ነበር፤ ቢሆንም ማየቱን ልተወው አልቻልኩም። በየቀኑ ምድጃው አጠገብ እቀመጣለሁ። ሽመላዋ እስከ መጋቢት ብትሞት እናቴ ትቀራለች ብዬ ወስኛለሁ፤ ስለዚህ መጠበቅ ነበረብኝ።

«ጋሽ ዤቾ አንቺም ከግሪክ ነው የመጣሽው አለኝ» አልኳት አንድ ቀን። «እናቴን ታውቂያታለሽ?»

ማንኪያዎቹን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠች። «አውቃታለሁ።»

«ምን ትሠራለች?»

«አንዲት አሮጊት ታስታምማለች። ታጥባታለች፣ ታበላታለች። አሮጊቷ ደግሞ ሾርባው አልጣፈጠኝም ብላ እንትፍ ትልባታለች።»

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠና ብዙ ቆየ።

«ስለ እኔ ታወራለች?»

«ሌላ ወሬ የላትም። ሰው ሁሉ ሰልችቶታል።»

ይህ ደስ አሰኘኝ። ደስ ስላለኝም ነገሩን አሁኑኑ ግልጽ ላድርገው አልኩ። «እሷ ስትመጣ ግን ይህን ክፍል ትለቂያለሽ። የእሷ ነው።»

«እለቃለሁ።»

«ሽመላዋ ግን እዚሁ ትቀራለች።»

«እሺ» አለች። «እስከዚያ ብቻ ልሙቅ።»

እናቴ እሷ ነበረች። እኔ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ እናንተ ግን አሁን እወቁት። ሐኪሞቹ ከዚህ በኋላ የምንሠራው የለም ብለው ወደ ወላጆቿ ሰደዋት ነበር። አያቶቼን ሥዕለ ማርያም አስይዛ አስምላቸዋለች። «እስከ ሽመላዎቹ ከቆየሁ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። ካልቆየሁ ግን የማታውቃትን ሴት ትቅበር፣ እናቷን አትቅበር።» እማማ ስታና ይህን በነገሩኝ ጊዜ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነበር። እሳቸው አልተስማሙም፤ ግን ምለዋል።

በግድግዳው በኩል ድምፃቸውን እሰማ ነበር። ማታ ማታ እንግዳዋ «እማ… እማ፣ ተይኝ» ትላለች። ሕመም የጸናበት ሰው እናቱን ይጠራል ሲሉ ሰምቼ ስለነበር አዘንኩላት። እናቷ የት ይሆን ያለችው? ምናልባት እሷንም ሽመላ ሲመጣ ትመጣለች ብለዋት ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

በየካቲት ሽመላዋ መብላት ተወች። ዓሣ ስናቀርብላት ዓይኗን ትከድናለች። አባባ ዶብሪ አፏን ፈልቅቀው ለማጉረስ ሞከሩ፤ ተፋችው። «የመጣው ይምጣ እንግዲህ፣ ልጄ» አሉኝና ቆባቸውን አድርገው ወጡ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ተንሰቀሰቅኩ።

«ነይ» አለችኝ እንግዳዋ። እጇን ወደ ፀጉሬ ስትዘረጋ ሸሸሁ። ይህን ከዚያም በፊት ሞክራ ታውቅ ነበር፤ እኔ ግን ከእማማ ስታና በቀር ፀጉሬን የምትነካው እናቴ ብቻ ናት ብያታለሁ።

«ካበላሻት» አልኳት እንባዬን እየጠረግኩ፣ «ካበላሻት ፀጉሬን እሰጥሻለሁ።»

ከአልጋ ወረደች። ሽመላዋ ከመጣችበት ቀን ወዲህ ያለ ሰው እርዳታ ወርዳ አታውቅም። ወለሉ ላይ፣ ሽመላዋ ፊት ተቀምጣ ዓሣውን መዳፏ ላይ አደረገችና ጠበቀች። ረፋዱ አለቀ። እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በሌላው እጇ ደገፈችው። ዓሣው መዳፏ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሕይወት ያለው መሰለ፤ ሽመላዋ አንድ ዓይኗን ከፈተች፣ አንገቷን ቀና አደረገችና ነጥቃ ዋጠችው። እንግዳዋ ወደ እኔ ዞር አለች።

«ዕዳሽን ክፈይ» አለችኝ።

ጉልበቷ መካከል ተቀመጥኩ። ጎነጎነችኝ፤ እስከ ጫፉ ደርሳ ፈታችው። እንደገና ጀመረች፤ ፈታችው። እያረፈች፣ እየተነፈሰች፣ እንደገና።

«አትችዪም እንዴ?» አልኳት። «እማማ ስታና ቶሎ ነው የሚጨርሱት።»

«ረስቼዋለሁ» አለች። «ትንሽ ታገሺኝ።»

አልረሳችውም ነበር።

የመጋቢት መባቻ ዕለት እማማ ስታና ቀይና ነጭ ክር ገምደው የእጄ አንጓ ላይ አሰሩልኝ። በእኛ ዘንድ ይህ ክር የሚፈታው የመጀመሪያዋ ሽመላ የታየች ቀን ነው፤ ተፈትቶም ዛፍ ላይ ይታሰራል። እኔ እጄን መልሼ ዘረጋሁላቸው።

«ይፍቱልኝ እንግዲህ። ሽመላ አይቻለሁ። ጓዳ ናት።»

«ይቺ ልጅ ጠበቃ ካልሆነች እኔ ዶብሪ አይደለሁም!» አሉ አባባ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አንድ ክር ለተሳላሚ እግሯ ላይ አሰርኩላት። እንግዳዋም ሳትጠየቅ አንጓዋን ዘረጋች። ለእኔ አንዴ የዞረው ክር ለእሷ ሁለቴ ዞሮ ተረፈ።

«እኔና አንቺ አብረን እንፈታዋለን» አለችኝ። «ስትበር ያየናት ቀን።»

በረዶው ከጣሪያው ጫፍ መንጠባጠብ ሲጀምር እንግዳዋ ሽመላዋን ፀሐይ ትምታት ብላ ጠየቀች። አባባ ዶብሪ እሷን ወንበር ላይ አድርገው መስኮቱ አጠገብ አስቀመጧት፤ እኔ ተሳላሚን ወደ ግቢ አወጣኋት። መጀመሪያ ጭቃው ላይ ቆማ ተንቀጠቀጠች። ከዚያ አንድ እግር፣ ሌላ እግር። በመጨረሻ ጤነኛውን ክንፏን ዘረጋች፤ የተሰበረውም እስከ ግማሽ ተነሣ።

«አክስቴ፣ እዪ! እዪ!»

መስኮቱ ውስጥ አፏ በትንሹ ተከፍቶ፣ ወደ እኛ እያየች ነበር። የተደነቀች መሰለኝ። ደግማ እንድታይ ብዬ ሽመላዋን ከውኃ ጉድጓዱ እስከ አጥሩ መልሼ አስኬድኳት። ክንፏ በዚህኛው ዙር ይበልጥ ከፍ አለ። ቀና ስል እማማ ስታና ከኋላዋ ቆመው እጃቸውን ዓይኗ ላይ አድርገዋል። ከዚያ መጋረጃውን ዘጉት። ዋናውን ሳታይ ዘጉባት ብዬ ተቆጣሁ።

በቀብሯ ላይ ቄሱ በጸሎታቸው ስሟን ሲጠሩ ካሊና አሉ። እንግዳዋ ከእናቴ ጋር አንድ ስም እንዳላት የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ሴቶቹ ንፍሮ እያደሉ እኔን አቅፈው ያለቅሳሉ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ንፍሮው ግን ስኳር ነበረውና በላሁ።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ፎቶው ያለበት ወረቀት በር ላይ ይለጠፋል። እኛም በር ላይ ተለጥፏል። ወረቀቱ ላይ ጉንጯ የሞላችው፣ ፀጉሯን በወፍራሙ የተጎነጎነችው ልጃገረድ ትስቃለች።

«ይቺ እናቴ ናት!» አልኩ። «የእናቴን ፎቶ ለምን ሰጧት?»

ነገሩን ራሴው ፈታሁት። «የራሷ ፎቶ ስለሌላት ነው አይደል? አበድረዋት ነው?»

ጋሽ ዤቾ ቆቡን አወለቀ። ዕድሜውን ሙሉ ያልሆነውን ሲያወራ የኖረ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ለመናገር ተቸገረ።

«አዎ ልጄ» አለኝ። «አበድረዋት ነው።»

እናቴ ስትመጣ ፎቶዋ በር ላይ በዝናብ ሲበሰብስ እንዳታይ ብዬ በማግስቱ ልልጠው ሞከርኩ። አባባ ዶብሪ እጄን ይዘው ወደ ቤት መለሱኝ።

ሽመላዎቹ የመጡት በጠዋት ነው። መጀመሪያ የሰማቻቸው ተሳላሚ ናት፤ ግቢው መካከል ቆማ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ማንቀጫቀጭ ጀመረች። ቀና ስል ከእርሻው በላይ እየዞሩ ይወርዳሉ። የእጄን ክር በጥርሴ በጥሼ ግቢያችን ባለው የፕሪም ዛፍ ላይ አሰርኩት። ፊቴን ታጠብኩ። የበዓል ቀሚሴን ለበስኩ፣ ወንበር አውጥቼ ከበራችን ፊት፣ አውቶቡሱ በሚመጣበት በኩል ተቀመጥኩ። ለምሳ ሲጠሩኝ አልገባም አልኩ። አውቶቡሱ መጣ፤ ጭቃውን እየረጨ አለፈ።

እማማ ስታና ጥቁራቸውን እንደለበሱ መጥተው አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«ኔዳ።»

«በሚቀጥለው ትመጣለች» አልኳቸው።

«አትመጣም፣ ልጄ።»

«ሽመላዎቹ መጥተዋል እኮ! እርስዎ ነዎት ያሉኝ!»

«ብዬሻለሁ።» መንገዱን አዩ። «መጥታ ነበር።»

«መቼ?»

«በበረዶው ጊዜ።»

ደረቴ በንዴት ተሞላ። መጥታ፣ ሳታየኝ፣ ሳልስማት ተመልሳ ሄዳለች ማለት ነው። ማንም አልጠራኝም።

«ታዲያ እኔ የት ነበርኩ?» ብዬ ጮኽኩ።

እማማ ስታና እጄን ያዙ።

«አጠገቧ» አሉኝ።